ለእማማ የጾም ቸኮሌት

ሲው-ሃ በየዓመቱ ለአማታችን ዶሮ ታቀርባለች። እማማ በሕይወት ሳሉ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ወተት እንኳ አይነኩም ነበር። ከሞቱ ወዲህ ግን ሙት ዓመታቸው በመጣ ቁጥር ሲው-ሃ፣ የባሌ የታላቅ ወንድም ሚስት፣ ጭንቅላቱ ያልተቆረጠ ቅቅል ዶሮ የእሳቸውና የባላቸው የአባባ ስም በተጻፈበት የሙታን ሰሌዳ ፊት ትደቅናለች። ዶሮው አንገቱን ቀና አድርጎ እማማ ላይ ያፈጥጥባቸዋል። እኔም ከኋላ የዕጣን እንጨት ይዤ ቆሜ ዶሮው ላይ አፈጥጣለሁ።

ሌላ ሰው ዶሮ ነው፣ ምን አለበት ይል ይሆናል። አለበት። ባሌ ቲያም-ጻይ በወጣትነቱ የሚታኘከውን የቢንላንግ ፍሬ ሊያወርድ ዘንባባ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ወገቡን ተመታ። ሐኪሞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ እማማ እቤት ባለው የምሕረት አምላክ የእመቤት ጓንዪን ምስል ፊት ተንበርክከው «ልጄ በእግሩ ከቆመ እስክሞት፣ ከሞትኩም በኋላ፣ ነፍስ ከነበረው ነገር አልቀምስም» ብለው ተሳሉ። እሱም ቆመ። ይኸው እስከ ዛሬ ይሄዳል፤ ሰክሮም ይሄዳል። ስለቱ የተሳለው ለኔ ባል ነው። ቢፈርስ ማን ላይ እንደሚፈርስ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እኔም ብዙ አልገባሁም።

እማማ አንድ ወር እነሲው-ሃ ቤት፣ አንድ ወር እኛ ቤት ይበሉ ነበር። ሲደክሙ ግን እኛው ጋ ቀሩ። ጥርሳቸው አልቆ፣ ጉሮሯቸው እህል አልወርድ ብሎት፣ ገንፎውን እንኳ ፊታቸውን አዙረው ይመልሱት ነበር። በዚያ ሰሞን ነው ይሄን ቸኮሌት የለመድኩት። ግማሹን ዘንባባችንን ቆርጠን ካካዎ ተክለን ነበርና የገበሬዎቹ ማኅበር ፍሬውን ይፈጭልናል፤ ወተት የሌለበት፣ ጥቁር፣ መራራ። ከሴቶቹ ማኅበር አንዷ በኮኮናት ወተት አለስልሶ ማድቦልቦል አሳየችን። ምድጃ አይፈልግም፣ ማኘክም አይፈልግም። እማማ አንዱን ምላሳቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጭቃ ነው ያበላሽኝ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጭቃ ነው።»

«እንግዲያው ጭቃውን ጨምሪልኝ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቁም።

ሙት ዓመታቸው የሚውለው ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ወር ነው። ዘንድሮ በዕለቱ ከመንጋቱ በፊት ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። እጄ አላርፍ አለ። ቢላውን አንስቼ አስቀምጣለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ፣ ደግሞ ቢላውን አነሳለሁ። ቲያም-ጻይ በካናቴራ ብቅ አለ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዓይን የለህም?»

«ጊዮክ-ላን፣ ዘንድሮም ልትጣሉ ነው?»

«እኔ አልጣላም። ቸኮሌት ነው የምሠራው።»

«አምናም አልጣላም ብለሽ የድስት ክዳን ወረወርሽ።»

«አልወረወርኩም። ወደቀ።»

«ከአጥሩ ማዶ ነው የወደቀው?»

ቸኮሌቱን አድቅቄ ከተፍኩ። እዚህ ሥራ ላይ እሳት የሚነካው የኮኮናት ወተቱ ብቻ ነው፤ እሱም ዳር ዳሩ አረፋ ሲይዝ መውረድ አለበት። የኔ ልብ ግን ሲው-ሃ ቤት ነበር። ምን እንደምትለኝ፣ እኔ ምን እንደምመልስ እያሰብኩ ወተቱ ተንተከተከ። እንደተንተከተከ ቸኮሌቱ ላይ ገለበጥኩት። ክዳን ደፍቼ ትንሽ ልተወው ሲገባኝ ወዲያው አማሰልኩት። ዘይቱ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ቸኮሌቱ ከሥር አሸዋ ሆነ።

«ተበላሸ» አለ ባሌ ከኋላዬ።

«አፍህን ዝጋ።»

ሌላ ቸኮሌት የለኝም። ጥቂት የኮኮናት ወተት ለብ አድርጌ በማንኪያ፣ በማንኪያ እየጨመርኩ ከመሐል ጀምሬ ቀስ ብዬ አሸሁት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ቀስ እያለ መሐሉ አበራ፣ ከዚያ ዳሩ፣ ከዚያ ሁሉም እንደ ሐር ተጠቀለለ። ቡናማ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨመርኩና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁት። አስገብቼም አልተቀመጥኩም። ከፍቼ በጣቴ እነካዋለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ተመልሼ እከፍታለሁ።

«በሩን እየከፈትሽ እንዴት ይርጋ?» አለ ቲያም-ጻይ።

«አንተ ልብስህን ልበስ።»

ሲረጋ እጄን በበረዶ ውሃ እያቀዘቀዝኩ፣ እያደረቅኩ፣ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል እያደረግኩ አድቦለቦልኩ። መዳፌ ቶሎ ይግላል፤ ዘወር ባልኩ ቁጥር ይቀልጣል። ግማሹን ካካዎ ዱቄት፣ ግማሹን የለውዝ ዱቄት ላይ አንከባለልኩ። ሳህን ላይ ደርድሬ በረዶ በሞላው ሳጥን አድርጌ ጭኔ ላይ አቅፌ ከባሌ ኋላ ሞተር ላይ ወጣሁ።

ሲው-ሃ ቤት ስንደርስ ገበታው ተሞልቷል። ዶሮው አለ፣ የአሳማ ሥጋው አለ፣ የተጠበሰው ዓሣ አለ፣ የሩዝ ጠጁ ተቀድቷል። ውሸት አልናገርም፣ ሴትየዋ ሠራተኛ ናት፤ ይሄን ሁሉ ብቻዋን ቆማ ነው ያበሰለችው። ላቧን በክንዷ እየጠረገች ሳጥኔን ከፍታ አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ቸኮሌት ነው እትዬ። እማማ የሚወዱት።»

«የፍየል በጠጥ ነው የሚመስለው።»

«ስትቀምሺው አይመስልም።»

«በሙት ዓመት እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር? ጎረቤት ምን ይለኛል? የታላቁ ልጅ ሚስት አማቷን በከረሜላ ሸኘች ይበሉኝ?»

«ሥጋውን ለአባባ አድርጊው። ይሄን ለእማማ።»

«በአንድ ሰሌዳ ላይ ሆነው ነው ለየብቻ የሚበሉት? አባባ ያለ ሥጋ ገበታ ቀርበው ያውቃሉ? ደግሞ ጾም የሕያው ነው። አሁን ሆድ የላቸው፣ ምኑን ይጾማሉ?»

«‹ከሞትኩም በኋላ› ብለዋል።»

«አንቺ ብቻ ነሽ የሰማሽው!»

ሳህኑን ከሳጥኑ አወጣችና ወጥ ቤት ሄዳ ልብስ ማጠቢያው ላይ፣ ከሳሙናው አጠገብ አስቀመጠችው። ቲያም-ጻይ ክንዴን ያዘኝ። የድስት ክዳን ፈልጎ ይሆን ግራና ቀኝ አየ።

ዕጣን ለኮስን፣ ሰገድን፣ ጠበቅን። ዕጣኑ ሲጋመስ ሙታኑ መጥገባቸውን በሁለት ሳንቲም እንጠይቃለን። አንዱ በምስሉ አንዱ በቁጥሩ ከወደቀ በልተዋል ማለት ነው። ሁለቱም በቁጥር ከወደቁ ገና ናቸው። ሁለቱም በምስል ከሆኑ ሳቁ እንላለን፤ ሲስቁ ደግሞ ድጋሚ መጠየቅ ነው። እኔ በሆዴ «እማማ፣ እምቢ ይበሉ፤ ይሄን ገበታ እምቢ ይበሉ» እላለሁ። የሲው-ሃ ባል፣ የቤቱ ታላቅ ቡን-ሂዮንግ፣ ሳንቲሞቹን በሁለት እጃቸው ይዘው ወረወሩ።

አንዱ ምስል፣ አንዱ ቁጥር። በመጀመሪያው ውርወራ።

ሲው-ሃ ወደ እኔ ዞረች። «በልተዋል! አየሽ? ጥግብ ብለዋል።»

«አባባ ናቸው የመለሱት» አልኩ። «በሕይወት እያሉስ ሌላ ሰው እንዲመልስ ፈቅደው ያውቃሉ?»

ቡን-ሂዮንግ ሳቃቸውን በሳል ደበቁ። ሲው-ሃ ግን አልሳቀችም።

ለምሳ ተቀመጥን። ሥጋ እንደማልበላ ታውቃለችና በኔ ሩዝ ላይ ጎመን አደረገችልኝ፤ ጎመኑ በአሳማ ስብ ያብለጨልጫል። «ሥጋውን አውጥቼልሻለሁ፣ ብዪ» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ያ ነው የሚያናድደኝ፤ በክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቁርጥራጭ ዶሮ በሳህን ይዞራል፣ ሰው ያወራል፣ ይስቃል፣ የሰሌዳው ዕጣን ሊያልቅ ነው። ዛሬም ዝም ብዬ ሞተር ላይ ወጥቼ ልሄድ ነው? ለከርሞም ያ ዶሮ አንገቱን ቀና አድርጎ ሊጠብቀኝ ነው? እማማ እዚያ ሰሌዳ ላይ ሆነው፣ ለልጃቸው ብለው የገቡትን ቃል በየዓመቱ ሲያፈርሱባቸው፣ ማንን ይጥሩ?

ተነሳሁ። ቾፕስቲኬ መሬት ወደቀ።

«ጋሼ» አልኳቸው ቡን-ሂዮንግን። «ከዕጣኑ አመድ ቆንጥሬ ልውሰድ። እማማን ቤቴ አስቀምጬ ላብላቸው።»

የሚያኝከው ሁሉ ማኘኩን ተወ። የሙታኑ መንፈስ ከአመዱ ጋር ይሄዳልና አመድ መቁረስ ማለት ቤት መለየት ማለት ነው፤ ወንድማማቾች ሲለያዩ የሚደረግ ነው፤ ምራት ከገበታ ተነስታ የምትጠይቀው ነገር አይደለም።

ሲው-ሃ ብድግ አለች። «እናትን ከአባት ልትለዪ ነው? እንዲህ ያለ ነውር የት ታየ?»

«አባባም ቢመጡ በሬ ክፍት ነው። የሚበሉት ግን የጾም ነው።»

«እና እኔ ስጠብስላቸው፣ ስቀቅልላቸው የኖርኩት ከንቱ ነው?»

«አይደለም እትዬ። ለአባባ ደህና አድርገሽ አብልተሻል። የእማማ ስለት ግን የኔ ባል ወገብ ነው። ባልሽ ቢሆን ኖሮ አንቺም ትነሺ ነበር።»

ሲው-ሃ ዞራ ባሌን አየችው። ቲያም-ጻይ ዓይኑን ሩዙ ላይ ተክሎ፣ «እኔም የሰማሁት ‹ከሞትኩም በኋላ› ሲሉ ነው» አለ። አልጋ ላይ ሆኖ ሰምቷል ለካ፤ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ማታ ለሱ የምለው አለኝ፣ ግን ያ ሌላ ነገር ነው።

ቡን-ሂዮንግ አፋቸውን ጠረጉና ሳንቲሞቹን ሰጡኝ። «ራሷን ጠይቂያት። እኔን አትጠይቂኝ።»

ሰሌዳው ፊት ተንበረከክሁ። ሳንቲሞቹን በሁለት እጄ ያዝኩ። «እማማ፣ ጊዮክ-ላን ነኝ። ቤታችን ይመጣሉ?» ወረወርኩ። ሁለቱም በምስል፤ ሳቁ። ደግሜ ጠየቅኩ። ደግመው ሳቁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወረውር አንዱ ሳንቲም በምስሉ ወደቀ፣ ሌላው እየተሽከረከረ ወንበር ሥር ገባ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። እሱም በምስሉ ነበር።

«ሳቅ እሺታ አይደለም» አለች ሲው-ሃ።

«እምቢታም አይደለም።»

«መጠየቅ እስከ ሦስት ነው። አለቀ። ተቀመጪ።»

«እትዬ፣ እማማ እሺ ብለው የተነሱበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? እኔ አላስታውስም። ሲስቁ ግን ተነስተው መሄዳቸው ነበር።»

ቡን-ሂዮንግ ሰሌዳውን ብዙ አዩት። «አልተቆጣችም» አሉ በመጨረሻ። «ውሰጃት።»

ከአመድ ማሰሮው በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ በቀይ ወረቀት ጠቀለልኩ። ከልብስ ማጠቢያው ላይ ሳህኔን አነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሲው-ሃ ጥቁር ጥላ ይዛ መጣች፤ የሙት መንፈስ ፀሐይ ላይ በባዶ ራስ አይወሰድም። ፊቷ እንደተቋጠረ ነው። ጥላውን ራሷ ዘረጋችው።

«ጥላውን መልሺ» አለችኝ።

«እመልሳለሁ።»

በሞተር አልሄድኩም፤ እማማ ሞተር ይፈሩ ነበር። ቲያም-ጻይ ቸኮሌቱን ይዞ ከኋላ፣ እኔ ጥላውን ከቀይዋ ጥቅልል በላይ ይዤ ከፊት፣ በካካዎ ማሳዎቹ መሐል በእግራችን ሄድን። እንደ ወጉ መንገዱን እነግራቸዋለሁ። «እማማ፣ ወደ ግራ ነን። እማማ፣ የቦዩ ድልድይ ነው፣ ከኋላዬ አይቅሩ። የጎረቤታችን የቼን ውሻ ነው፣ ይጮኻል እንጂ አይነክስም።» ፀሐዩ ጀርባዬን ይጠብሰኛል፤ ጥላው ለሳቸው ነው።

ቤት ገብቼ መደርደሪያውን ወለወልኩ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ሞላሁ፣ አመዱን ከላይ አፈሰስኩ፣ ዕጣን ለኩሼ ተከልኩበት። ቸኮሌቱ መንገድ ላይ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። እጄን በበረዶ ውሃ ነክሬ አንድ በአንድ እንደገና አድቦለቦልኩት፣ እንደገና ዱቄት አለበስኩት፣ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ባሌ አጠገቤ ተንበረከከ።

«ሲጨርሱ እንድንጠይቃቸው ሳንቲም ላምጣ?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «ቀስ ብለው ይብሉ።»