ይቅርብኝ ያልኩት ጉዞ

ልጄ ማርያማዊት የጃፓንን ነገር ያነሳችው ታርኔት የሚባለው ሰፈር እኔ ቤት፣ እሁድ ምሳ ላይ ነው። ከባሏ ከወንድማገኘሁ ጋር ጃፓን ገጠር ሊሄዱ ነው፣ ያውም በብስክሌት። አገሩን የሚያውቅ አስጎብኚ ከፊት ይነዳል፣ እነሱ ይከተላሉ። በሩዝ ማሳ መሀል ያልፋሉ፣ ገበሬ ቤት ያድራሉ፣ ጠዋት ከገበሬው ጋር ጭቃ ውስጥ ገብተው ሩዝ ይተክላሉ።

«ለሥራ ነው?» አልኳት።

«ለእረፍት ነው እንጂ፣ ማሚ» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ጭቃውን ሸሽቼ ነው ከተማ የገባሁት፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ እዚህ ፈረንጅ አገር። የተወለድኩበትን ገጠር እንይ ስላት «ሽንት ቤቱ እንዴት ነው?» ያለችኝ ልጅ፣ የሰው አገር ጭቃ ውስጥ ለመግባት ቸኩላለች። ግን ምን እዋሻለሁ፣ ስልኳ ላይ ፎቶውን ስታሳየኝ እኔንም ሂጂ ሂጂ አለኝ። አንዲት ባልቴት ማሳ ውስጥ አጎንብሳለች። አጎነባበሷ ቁርጥ የአክስቴ ነው።

«አንቺስ፣ አብረሽን ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«አዬ፣ ለእኔ ደግሞ ምን ያደርግልኛል፣ ይቅርብኝ።»

«ኦኬ» አለችና ሰላጣውን ወደ ራሷ ሳበች።

ይቅርብኝ ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ብዪ ሲሉሽ መጀመሪያ ጠግቤያለሁ ትያለሽ። ሲደግሙሽ ኧረ በቃኝ ትያለሽ። በሞቴ ሲሉሽ ትበያለሽ። ገና አንዴ ሲጠይቋት እሺ የምትል ሴት ምን ትባላለች? እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

እጄን አጣጥፌም አልጠበቅሁ። ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት አብራኝ የምታጸዳው ኢቢሴ ብስክሌት አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ ባቡር ጣቢያው መኪና ማቆሚያ ወስዳ ታለማምደኝ ጀመር።

«አፀደ፣ መሪ ነው የያዝሽው፣ የበሬ ቀንድ አይደለም።»

«አታውሪ። ከኋላ ብቻ ደግፊኝ።»

«ከለቀቅሁሽ እኮ ቆየሁ።»

ይህን ስትለኝ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ልጄ ምን ሆንሽ ስትለኝ ደረጃ አዳለጠኝ አልኳት። ሲለምኑኝ እሺ ብዬ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጥቼ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። በመጨረሻም ቻልኩ፤ ማቆሚያውን ዞሬ ስመለስ ኢቢሴ እልል አለችልኝ።

መሄጃቸው ሲደርስ ዋይንድሃም ቬል ሰፈር እነሱ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሻንጣ ቆሟል። ሦስተኛው የእኔ መሰለኝ፣ እውነቴን ነው። አጠገቡ የወንድማገኘሁ እናት እትዬ የሺሃረግ፣ አዲስ ስኒከር አድርገው ተቀምጠዋል።

«እርስዎም ይሄዳሉ?»

«ምን ላድርግ አፀደዬ። እኔማ ይቅርብኝ ብዬ ነበር። ልጄ በሞቴ አለ፣ እግሬ ላይ ወደቀ፣ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ።»

«ብስክሌት ይችላሉ እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ፣ በዚህ ወገቤ። ሻንጣ የሚጭን መኪና ከኋላ ይከተላል አሉኝ። እሱ ላይ እቀመጣለሁ።»

ልጄን ተከትዬ ኩሽና ገባሁ።

«እኔንስ?»

«ማሚ፣ ጠየቅሁሽ እኮ። ኖ አልሽ።»

«ኖ አላልኩም። ይቅርብኝ ነው ያልኩት።»

«እና ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እሱ አገር ቤት ነው ያደገው፣ ልዩነቱን ያውቃል። ያን እሁድም ጎኔ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው አንገቱን ደፋ።

«ግሩፑ ሞልቷል፣ ማሚ» አለች ልጄ። «የመጨረሻውን ቦታ ለእሳቸው ቡክ አደረግን። መፈለግሽን መቼ አወቅሁ?»

ጉልበቴን ቀሚሴ ሸፍኖታል። ስለ ብስክሌቱ ትንፍሽ ሳልል ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለኢቢሴ ከእንግዲህ አልለማመድም አልኳት።

«ከቻልሽ በኋላ?»

«ከቻልኩ በኋላ።»

ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን ማርያማዊት በቪዲዮ ደወለች። እግሯ ጭቃ ውስጥ ነው፣ በእጇ የሩዝ ችግኝ ይዛለች። ከኋላዋ እትዬ የሺሃረግ የመኪናው ደፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ልጃቸው ጃኬቱን አልብሷቸዋል።

«ማሚ፣ ስታምር እዪያት፣ አገሪቱን። በሚቀጥለው አብረሽን ትመጫለሽ?»

እሺ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ግን ያቺ ሴት እግሯ ላይ ተወድቆ የተለመነችውን፣ እኔ በስልክ አንዴ ተብዬ እሺ ልበል? ከአፌ አልወጣ አለ።

«ይቅርብኝ» አልኩ። ጠበቅሁም። ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል።

«ኦኬ፣ ማሚ» አለችና ስልኩን ወደ ተራራው አዞረችው።