የእድሩ ድንኳን በጫካ

«ልጆቹን ዝም አሰኟቸው እንጂ፤ ሐዘን ቤት መሆኑን አያውቁም እንዴ?» ያለች አንዲት ሴት ነበረች። ሌላዋ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «ተያቸው ይጫወቱ፤ እነሱም ዝም ካሉ ምን ይቀረናል?» አለቻት። ወይም እንደዚህ ያለ ነገር። መድኃኒት ይህን የሰማችው ገና ሕፃን ሳለች፣ በአያቷ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ሥር ተደብቃ ቅልሞሽ ስትጫወት ነው። ከሁለቱ ድምፆች አንዱ የእናቷ ነበር። የትኛው እንደሆነ ግን ልታስታውሰው ሞክራ ሞክራ አልሆነላትም።

ዛሬ ይህ ነገር ትዝ ያላት መናገሻ ጫካ ውስጥ፣ ለጆንያ ሩጫ መነሻ የሚሆን መስመር መሬት ላይ በእንጨት እየጫረች ሳለ ነው። ቀና ስትል ወንዶቹ ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ ያወረዱትን ትልቅ ጥቅል ሲፈቱ አየች። አረንጓዴ ሸራ ነው። አንዱ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተጥፎበታል። 

የእድሩ ድንኳን ነበር። ያ ሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈው በባሏ በሚልዮን ለቅሶ ጊዜ ነፋስ ሸራውን ስለቀደደው ነው። እያለቀሰች ዐይኗን ባነሣች ቁጥር የምታየው እሱን ብቻ ነበር።

ከኡራኤል ጀርባ እስከ ካዛንቺስ ያሉትን ቤተሰቦች የሚያቅፈው ይህ እድር፣ ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የሰፈሩን ልጆች ጫካ ወስዶ ሊያሳድር ሲያቅድ፣ ጨዋታውን የምትመራው መድኃኒት ትሁን የተባለው በአንድ ድምፅ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ፊደሉን ታስቆጥራለች እንጂ መዝሙሩንና ጨዋታውን ለባልደረባዋ ትታዋለች። ከሰፈሩ ሰው ይህን የሚያውቅ የለም፤ ከልጇ ከሃበን በቀር። ሃበን ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከመሳቋ በፊት የእናቷን ፊት የምታይ ልጅ ሆናለች። «እማዬ፣ ሌላ ሰው የሚያጫውተን ከሆነ አልሄድም» ስትላት ነው መድኃኒት እሺ ያለችው። ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ፊሽካ ይዤ ብቆም ምን ይለኛል ብላ። ማደሪያው ትንንሽ የኪራይ ድንኳን ነው ተብሎ ነበር። አከራዩ በመጨረሻው ሰዓት ለሌላ ሰው ሰጠው፤ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ጋሽ ተከስተም ሁለቴ ሳያስብ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ያለውን ጫነ። ለእሱ ድንኳን ድንኳን ነው።

ወንዶቹ ሲተክሉት ማንም ማንንም አላዘዘም። እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። ምሰሶው ቆመ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ አግዳሚ ወንበሩ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ ተደረደረ። መጨረሻ ላይ አንዱ፣ ሳያስበው፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ጥግ ላይ ፍራሽ አነጠፈ። ያን ጊዜ ጋሽ ኃይለገብርኤል፣ የእድሩ አንጋፋ ዳኛ፣ ከዛፎቹ መካከል ሲንሸራሸሩ ቆይተው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ፣ በወንዶች በኩል ተቀመጡና በዝግታ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

 በሐዘን ቤት እንደሚሆነው አንድ ሁለት ሰው «አሜን» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ሞተብን ብለው ነው?» አለች የመድኃኒት ጎረቤት ዘሃራ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ አፌ ነው» አሉ፤ «ይህን ሸራ ሲያይ ሳያስፈቅደኝ ይናገራል።»

ጫካው በሳቅ ተሞላ። መድኃኒት ፊሽካዋን ነፍታ ልጆቹን ወደ ሜዳው ጠራች።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አጫወተቻቸው። ጆንያ ውስጥ ገብተው እየዘለሉ ተጋጩ፣ ማንኪያ ነክሰው ሎሚ ተሸክመው ሮጡ፣ ዐይናቸውን ታስረው እየዳበሱ ተፈላለጉ። ገመድ ጉተታው ላይ እናቶች ዘሃራን ከፊት አድርገው አባቶችን ሣር አስጋጧቸው። ጉሙ ከተራራው ሲወርድ የጽዶቹን ጫፍ ዋጠው፤ ልጆቹ ወደ ውስጡ እየሮጡ ይጠፉና ሳቃቸው ብቻ ይመለሳል። መድኃኒት አንዳንዴ የምታየው በሕልሟ ይሁን በውኗ ግራ ይገባታል። ጉሙ መካከል አንድ ረዥም ሰው ቆሞ ልጆቹን ሲቆጥር ያየች ይመስላታል፤ ቀረብ ስትል ግንድ ነው። የሚልዮንን ስም በልቧ ጠርታ አማተበች።

እኔ አውቶብሱ ውስጥ ነው የማድረው ብላ ለእድሩ ሰዎች አስቀድማ ነግራቸዋለች። ሃበንም ሰምታለች።

ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ መጣ። ልጆቹ እየተንጫጩ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። መድኃኒት አንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቀረች። ቅጠሉ መጀመሪያ ከለላት፣ ኋላ እሱም ማፍሰስ ጀመረ። ጋሽ ተከስተ ጃንጥላ ይዞ መጣና አጠገቧ ቆመ። ሰው ሲጨነቅ አብሮ መቆም እንጂ ማጽናኛ መደርደር አይሆንለትም።

«ያን ጨርቅ የጣፍኩት እኔ ነኝ» አላት ቆይቶ። «ዛሬ ስዘረጋው ነው ልብ ያልኩት። ጠዋት ስጭነው ማየት ነበረብኝ።»

«ምንም አይደለም ጋሽ ተከስተ።»

«ነው እንጂ። አውርደው ካልሽኝ አሁኑኑ አወርደዋለሁ። ልጆቹን አውቶብሱ ውስጥ እንሰበስባቸዋለን።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በዚህ ዝናብ።»

ፊቱን አየችው፤ የምሩን ነበር። ጃንጥላውን አስይዟት እጅጌውን መጠቅለል ጀምሯል።

ከድንኳኑ ውስጥ የሃበን ድምፅ ተሰማ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!» አሉ ልጆቹ በአንድነት።

«ሰው ሲሰበሰብ ይቆማል፣ ሰው ሲበተን ይተኛል።»

ውሻ ነው አሉ፣ ዘበኛ ነው አሉ፣ ሚኒባስ ታክሲ ነው አሉ። መላሾቹ ሁሉ ተቀምጠው ያሉት መልሱ ሥር ነው፤ ቀና ብሎ ያየ ግን የለም። መድኃኒት ዝናቡ ውስጥ ሆና መልሱን አወቀችው። ሃበን ይህን እንቆቅልሽ ከማንም አልሰማችውም፤ ራሷ ናት ያወጣችው።

«አላወቃችሁም። አገር ስጡኝ።»

«ቡልጋሪያን ሰጠሁሽ» አለ የዘሃራ ልጅ ሰዓድ።

«ቡልጋሪያ ሰፈር ምን አለ? ጋራዥና የታክሲ ሰልፍ። አልቀበልም።»

«ለገሃርን?»

«ባቡሩ ቆሟል። በምን ልሂድ?»

መቀሌን ከነማሩ ሰጧት፣ ድሬዳዋን ከነሙቀቷ። ዘሃራ ራሷ የእናቷን አገር ደሴን ሰጠቻት። ሃበን አንዱንም አልተቀበለችም። ጨዋታው ሊበላሽ ነው ብለው ልጆቹ ማጉረምረም ጀመሩ።

«እናቴ ትስጠኝ» አለች በመጨረሻ። «ካልሆነ አልቀበልም።»

 ዘሃራ ቀስ ብላ እናትሽን ተያት ስትላት ተሰማ።  አሁን እምቢ ብትላት ሃበን እንደገና እንደማትለምናት መድኃኒት ገባት። ይህች ልጅ አንዴ ዝም ካለች ዝም ትላለች፤ አባቷ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበር።

«አታውርደው» አለችው ጋሽ ተከስተን፤ ጃንጥላውን መለሰችለትና ዝናቡን አቋርጣ ሄደች። የድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ።

«ከዚህ ሆኜ ልስጥሽ?»

ሃበን ጥግ ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ በልጆች ተከባ ተቀምጣለች። «አይሆንም። አገር የሚሰጥ ሰው ቁጭ ብሎ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ እንደሌለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«እውነቷን ነው» አሉ ጋሽ ኃይለገብርኤል ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «የጥንት ደንብ ነው።»

መድኃኒት ጎንበስ ብላ ገባች። ውስጡ እንደ ድሮው ሸራ ሸራ ይላል። ግን ደግሞ እርጥብ ካልሲ፣ የተላጠ ብርቱካንና የልጅ ላብ ይሸታል። በአግዳሚዎቹ መካከል አልፋ ፍራሹ ጋ ደረሰችና ሰዓድን ጠጋ በልልኝ አለችው።

«መልሱን ታውቂዋለሽ?» አለች ሃበን በስጋት እያየቻት።

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው አገር ስጪኝ።»

መድኃኒት ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ የበሰበሰ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ ጣለችው።

«እሺ፣ እሰጥሻለሁ» አለቻት። «ቀጥሎ ግን ጠያቂዋ እኔ ነኝ።»