የኦኔዚም ግማሽ

ኦኔዚም ከሞተ ወዲህ ክሌቤር ቫዮሊኑን ከሳጥኑ አላወጣውም። በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ረግረግ ዳር ባሉ ዳንስ ቤቶች ሁለቱ ወንድማማቾች ከልጅነታቸው ጀምሮ ኬጁን የሚባሉትን የአገሩን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘፈን ሲጫወቱ ኖረዋል። ኦኔዚም ዜማውን ይመራል፤ ክሌቤር ከሥር ከሥሩ እየተከተለ ያጅባል። ታናሽ ነዋ! ታናሽ ያጅባል እንጂ አይመራም፤ በአባታቸው ቤት ደንቡ ይኸው ነበር። ክሌቤርም ደንብ አክባሪ ሆኖ አረፈው፤ አንዲት ዜማ እንኳ ለብቻው መጫወት አልተማረም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የአባታቸው ቫልስ፣ ያ ጥንዶች የሚጨፍሩበት ዜማ ነው። አባታቸው ሚስቱን በቀበረ ሰሞን ያወጣው ዜማ ነበር። ኦኔዚም፣ ግትሩ፣ ሊቀዱት የመጡትን ሁሉ "የቤታችን ነው" እያለ መለሳቸው። አሁን ዜማው የቀረው በክሌቤር ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው። ሩዙን ብቻውን ሲበላ፣ ለዶሮዎቹ እህል ሲበትን ይሰማዋል። በፉጨት ሊያወጣው ሲሞክር ግን እምቢ ይለዋል። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ልጆቹ እንኳ በፈረንሳይኛ ሲያናግራቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱለት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቱ ልጅ ኦዲል መጥታ እየጎተተች ከነቫዮሊኑ ዳንስ ቤት ወሰደችው። ኦዲል ልጆቿን ያደረሰች ሴት ናት፤ ቫዮሊንም አሳምራ ትጫወታለች።

"አጎቴ፣ የአባታችሁን ቫልስ ይጫወቱልን" አለችው።

"እኔ የማውቀው ግማሹን ነው።"

"እሱኑ ይጫወቱት። ሌላውን እኔ እፈልገዋለሁ።"

ክሌቤር ጀመረ። ለእሱ ዘፈኑ ሙሉ ነበር፤ ኦኔዚም አጠገቡ ተቀምጧል። ለሌላው ሰው ግን መልክ የሌለው ጉርምርምታ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይኼኔ ኦዲል አንጀቷ አልችል ብሎ ቀስ ብላ አንድ ዜማ ደረበችበት።

ዜማዋ ያምራል፤ ችግሩ የአባቱ አለመሆኑ ነው። ኦኔዚም ዝቅ በሚልበት ቦታ እሷ ከፍ አለች። ክሌቤር ሊያስቆማት አሰበ። እጁ ግን ዕድሜ ልኩን የለመደው መከተል ነውና ተከተላት። ጥንዶች ተነሥተው ጨፈሩ። አንዲት አሮጊት እንዲያውም የነክሌቤር አባት ትዝ ብሏት አለቀሰች።

"እሱ ነው አይደል፣ አጎቴ?" አለች ኦዲል።

ክሌቤር ደስታዋን አየ።

"እሱ ነው" አላት።

አመሻሹ ላይ ለዶሮዎቹ እህል እየበተነ የኦኔዚምን ዜማ ጠበቀ። የመጣለት የኦዲል ነበር። ራሱን ነቅንቆ እንደገና ጠበቀ፤ አሁንም የኦዲል። ዶሮዎቹ በልተው ሲያበቁ ቆጣቸው ላይ ወጡ። እሱ ባዶውን ጣሳ ይዞ እዚያው ቆሞ ቀረ።