የቁመቴ ነገር

አጭር ነኝ። ሰው ከመናገሩ በፊት ልቅደም ብዬ ነው። በበዴሳ አቅራቢያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ፤ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት የተጨመረልኝ ሥራ ደግሞ ለትዳር የደረሱ ልጃገረዶችን ስለ መቀንጨር ማስተማር ነው። የመደቡኝ ሰዎች ቁመቴን አላዩትም መሰለኝ።

«ልጅ የሚቀነጭረው ከተወለደ በኋላ ብቻ አይደለም» አልኳቸው ጤና ኬላው በር ላይ ሰብስቤ። «እናቱ ገና ሳታረግዝ ጀምራ በደንብ መብላት አለባት። እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አታውጡት።»

ለመስቀል የምትዳረው ክብረት እጇን አወጣች። «ሲስተር ትዕዛዝ፣ አንቺ አጭር የሆንሽው እማማ ፋንታዬ ሳይበሉ ቀርተው ነው?» ተንኮል የለባትም፤ ትምህርቱ ገብቷት ነው።

እናቴ ፋንታዬ ልጄ ስታስተምር ልይ ብላ ከኋላ ተቀምጣለች። ረጅም ናት፤ አባቴም፣ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼም እንደዚያው። በዘር ነው ብዬ እንዳላመልጥ ቀበሌው በሙሉ ያውቀናል። «አዎ» ብል እናቴን በሰው ፊት መክሰስ ነው፤ «አይደለም» ብል ክብረት ትምህርቱን ትታ እንቁላሏን ትሸጣለች። ግራ ገባኝ። «እግዚአብሔር ነው እንዲህ የፈጠረኝ» ብዬ አመለጥኩ፤ በራሴም አፈርኩ። እናቴ ነጠላዋን አራግፋ ወጣች።

ቤት ስገባ ቦሎቄ እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

«በሰባ ሰባቱ ረሃብ አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ» አለች። «በቀን አንድ ስኳር ድንች ካገኘን ትልቅ ነገር ነው። የእኔን ድርሻ ለወንድሞችሽ አካፍዬ ሰጠሁ። የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ንገሪኝ፣ ከሦስታችሁ የትኛውን ላስርብ ነበር?»

የተሰጠኝ መመሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም። ልቆጣት ይሁን ላቅፋት አላወቅኩም። ቁጭ ብዬ አብሬያት ለቀምኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳልጠራት መጣችና ልጃገረዶቹ ፊት ቆመች።

«ትዕዛዝ ያጠረችው እኔ ሳልበላ ቀርቼ ነው» አለቻቸው። «ስላልነበረን ነው። እናንተ ግን አላችሁ፤ ብሉ።» ወደ እኔ ዞረች። «በይ ቀጥይ።»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ትምህርቱ አልነበረም፤ «ይቅር በይኝ» ነው። የቱን ይቅር እንደምትለኝ እሷም አላወቀችም፣ እኔም አላወቅኩም።