የአባታችን አጥር

ወንድሜ ዓምደ ሚካኤል ቤቱ ውስጥ መኪና ሊሠራ እንደሆነ የነገረኝ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቀበና ውስጥ እንኳን መኪና፣ የማይነቃነቅ በርጩማ ሠርቶ የተቀመጠበት ሰው አላውቅም ነበር። እሱ ግን አልቀለደም። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። በመሥሪያ ቤቱ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ፣ የገዛት ሰው ራሱ ቤቱ ገጣጥሞ የሚነዳት ትንሽ መኪና ከአገሩ በሳጥን አስመጣ። ገና ሳይጀምራት የሥራ ውሉ አለቀና ለወንድሜ ትቶለት ሄደ።

ሳጥኖቹ ሲከፈቱ ክው አልሁ። ሻንሲዋ፣ ሌላው ሁሉ የሚያርፍበት አጽሟ፣ ከውሃ ቧንቧ በማይወፍሩ ቱቦዎች የተበየደ ነው። አካሏም ብረት አይደለም፤ ፋይበር የሚሉት፣ በጣት ሲመቱት እንደ ቅል የሚጮህ ነገር ነው። እኔና እሱ ሁለታችን ብቻ ከበረንዳው አንሥተን ግቢ አወረድነው። ከገበያ ሽንኩርት ተሸክሜ ስመጣ የበለጠ ያልበኛል።

"ነፍስህን የምታስቀምጠው እዚህ ላይ ነው?" አልሁት።

"እትዬ፣ ቅለቷ እኮ ነው ውበቷ" አለኝ።

ሰፈርተኛው ስም ለማውጣት አልዘገየም። ቁንጫ አላት።

እናታችን ወለተጊዮርጊስ ግን ወጥታ አላየቻትም። ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ ፊት ለፊት ግቢ ጎንበስ ብሎ ሲገጣጥም፣ እሷ በጓሮ በር ትወጣ በጓሮ በር ትገባ ነበር። ምክንያቱን ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሣውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። አባታችን ነገሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭኖ ሲወርድ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ዓምደ ሚካኤል ያኔ ገና ዳዴ ይል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ለቅሶው የቱንም ያህል ሩቅ ቢሆን በእግሯ ነው የምትደርሰው።

የአባቴ የሙያ ጓደኞች ሐውልት አላቆሙለትም። የተገለበጠውን መኪና ሻንሲ ቆራርጠው፣ ተራራው ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ለመቃብሩ አጥር ሠሩለት። በዚያ ቅጥር ግቢ ውስጥ እንደሱ ያለ አጥር አልነበረም። እማዬ ዝገት እንዳይበላው በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በኑግ ዘይት ታብሰዋለች። ስታብሰው ላያት የሕፃን ራስ የምትቀባ ትመስል ነበር።

መስከረም ሳያልቅ ቁንጫ ተነሣች። እስከ የካ ሚካኤል ደርሳ ስትመለስ ሰዉ በየደጁ ወጥቶ አጨበጨበ። ወንድሜ ግን ሜዳ አልበቃውም።

"አባቴን የጣለውን ዳገት ካልወጣሁባት መኪና ሠራሁ አልልም" አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ተቆጣሁት፣ ለመንሁት፣ መልሼ ተቆጣሁት። እምቢ ሲለኝ ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሞኝነት በቤታችን የዘር ነው።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዳገቱ መጠምዘዣ በታች፣ መንገዱ ግድግዳ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሲሰጣት ከመቀመጫችን በስተኋላ ጥይት የተተኮሰ ያህል ጮኸ። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ወንድሜ ፍሬኑ ላይ ቆመ። ጎማዎቹ ታስረው እንኳ በጠጠሩ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ገደሉ ይወስዱናል። አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ደገፈን። ጸጥ ሲል ሳይ እኔም መሪውን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ፤ መቼ እንደያዝሁት አላውቅም።

ወንድሜ ከሥሯ ገብቶ አየና ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍል፣ ዱባ የሚያህል ብረት አለ፤ ዲፈረንሻል ይሉታል። ይኸን ብረት ከቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ጋር የሚይዙት አራት ትናንሽ ጆሮዎች ናቸው። ዳገቱ ላይ ጎማዎቹ አንዞርም ሲሉ ጉልበቱ ሁሉ ጆሮዎቹ ላይ አረፈ፤ ሁለቱ ቱቦውን ቦጭቀው ተገነጠሉ። ለእንግሊዝ ሜዳ የተሠራ ነገር እንጦጦን የት ያውቀዋል።

ቁንጫን በበሬ አስጎትተን ቤት አስገባናት። ያን ቀን እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊት በር ወጣች። የእኔን ፊት አየች፣ የእሱን አየች፣ መኪናዋን አየች። እሪ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፦

"ምን ጎደላት?" አለች።

"ብረት ነው የጎደላት" አላት ወንድሜ። "ጉልበቱ አንድ ቦታ እንዳያርፍ፣ ሁለቱን ቱቦ የሚያቅፍ ሰፊና ወፍራም ብረት። ገበያ ያለው ግን ስስ ላሜራ ነው።"

"ወፍራሙን ካጣህስ?"

"በላሜራውም ቢሆን በይጄ እመለስበታለሁ።"

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። እሱ ሲሄድ ማድ ቤት ተከትያት ገባሁና "ከልክዪው እንጂ፣ ምን ዝም ትያለሽ?" ብዬ ጮኽሁባት።

"ነገሳንም ያን ቀን ከልክዬው ነበር" አለችኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጉተማ በአህያ ብረት ጭኖ መጣ። ጉተማ እንጦጦ ወገብ ላይ የሚኖር፣ ለገበሬው ማረሻና መጥረቢያ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው። እማዬ ልካበት ኖሯል። ከእሳት የወጣ፣ ተቀጥቅጦ የተስተካከለ ወፍራም ጥቁር ብረት ነበር። ወንድሜ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማና ዓይኑ በራ።

"ይኼማ የመኪና ብረት ነው። ከየት አገኘኸው?"

"ከድሮ መኪና ነው" አለ ጉተማ መሬት መሬቱን እያየ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ አህያውን እየነዳ ሄደ። አኩርፎ ይሆናል አልሁ።

ወንድሜ የብየዳ መሣሪያ ተውሶ ሳምንቱን ከመኪናዋ ሆድ ሥር አልወጣም። ብረቱን ከቱቦ ቱቦ አጋድሞ በየደው፤ ዲፈረንሻሉን በትላልቅ ብሎኖች እዚያ ላይ አሰረው፤ በመሐል ንዝረቱን የሚውጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስገባበት። ሲጨርስ ሰው ጠርቶ አስረገጠው። አልነቃነቅም አለ። ሰኞ ዳገቱን ሊወጣ ወሰነ። እሑድ ግን መጀመሪያ አባቴን ልሳለም ብሎ እሱና እኔ በእግር ወደ ተራራው ወጣን።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ የተሳሳትን መሰለኝ። አጥር የለም። በአራቱ ማዕዘን አራት ጉድጓድ ብቻ አለ፤ አፈሩ ገና ትኩስ ነው። ወንድሜ አንዱ ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክኮ እጁን ከተተና ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"እትዬ" አለኝ። "የመኪናዬ ሆድ ውስጥ ያለው ይኼ ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ግን ገባኝ። ቀጥቃጩ የአባታችንን መቃብር ገፎ፣ ለእናታችን መልሶ ሰጥቶ፣ በሟቹ ልጅ እጅ አስበይዶታል። እንዲህ ያለ ድፍረት በሰማይም በምድርም ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ቅጥር ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ተሰበሰበ። ጉተማንም ከቤቱ አመጡት። የመቃብሩ ጎረቤት የሆነች አንዲት ባልቴት ብረት በአህያ ጭኖ ሲወርድ አይቼዋለሁ አለች። እሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። አንተ ነህ ወይ ሲሉት ዝም ነው፣ አይደለህም ወይ ሲሉትም ዝም። ከኋላ "ድሮስ ቀጥቃጭ" የሚል ተሰማ፤ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ዱላውን ከትከሻው አወረደ።

"መምሬ፣ ይገዝቱልኝ" አለ ወንድሜ። "ይኸን ያደረገ፣ ያስደረገም፣ በምድር እንዳይባረክ፣ በሰማይም እንዳይታረቅ ይገዝቱልኝ።"

መምሬ ሣህሌ አባቴንም የቀበሩ ሽማግሌ ካህን ናቸው። "ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ግዝት እንደ ድንጋይ አይለቀምም" አሉት። እሱ ግን እንዲገዝቱ ደጋግሞ ለመናቸው። ሕዝቡም ይገዘት አለ። መምሬ ሣህሌ መስቀላቸውን አወጡ። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን አወረደ።

"ይቆዩ መምሬ።"

እማዬ ናት። ወደ መቃብሩ መሄዳችንን ሰምታ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ገና መድረሷ ነው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ሄዳ ከጉተማ አጠገብ ቆመች።

"ያስነቀልሁት እኔ ነኝ" አለች።

መምሬ ሣህሌ መስቀሉን እንደያዙ ቀሩ። እኔ እናቴን እንደማላውቃት ሰው አፍጥጬ አየኋት። በዘይት ስታብሰው የኖረች ሴት፣ አንድ ጠጠር ቢወድቅበት የምትጮህ ሴት፣ ቀጥቃጭ ይዛ መጥታ በገዛ እጇ አስነቅላዋለች። ጥቁር የለበሰች ባልቴት በባሏ መቃብር ላይ ሠራተኛ ስታሠራ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ እድሳት ነው ይባላል እንጂ። ወንድሜ እየተንተባተበ፦

"እማዬ፣ እኔ እኮ... አንቺን ነው ላስገዝት የነበረው።"

"አላወቅህማ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትበይደው ነበር?"

ወንድሜ ወደ መቃብሩ ዞሮ አየ።

"ያ ብረት ነገሳን አልከዳውም" አለች እማዬ፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው የምትናገረው። "የከዳው ፍሬኑ ነው። መኪናው ሲገለበጥ ሻንሲው አንድ ቦታ እንኳ አልታጠፈም፤ ሲቆርጡት ቆሜ አይቻለሁ። እዚህ አቁሜው በዘይት ሳብሰው ኖርሁ። ልጄ በላሜራ በይጄ እመለስበታለሁ ሲለኝ ግን ለሙት አጥር ምን ያደርግለታል ብዬ አሰብሁ። ከእንግዲህ ምን ይነካዋል? አጥር የሚያስፈልገው ልጁ ነው።"

መምሬ ሣህሌ "እኔ ይኸን ሲፈቀድም ሲከለከልም በመጽሐፍ አላየሁትም" አሉና መስቀሉን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ዱላ ያወረደው ጎረምሳ መልሶ ትከሻው ላይ አደረገው።

ወንድሜ ጉተማ ጉልበት ላይ ወደቀ። ጉተማ ደንግጦ ከምድር አነሣው። "እሜቴ አስምለውኝ ነው" አለ። "ዳገቱን ወጥቶ እስኪመለስ ለማንም እንዳልናገር። ቢገዝቱኝም አልናገርም ነበር።" ይኸንን ስሰማ እንባዬ መጣ። አኩርፏል ብዬ የነበረው ሰው ግዝት ሊሸከምልን ቆሞ ነበር።

ቤት ስንደርስ ግን ወንድሜ ቀጥታ የብረት መጋዙን አነሣ። እቆርጠዋለሁ፣ በቦታው እመልሰዋለሁ፣ በአባቴ መቃብር ላይ አልነዳም እያለ ከመኪናዋ ሥር ሊገባ ተንበረከከ። በዚህ ቀን ከዚህ በላይ የሚያስደነግጠኝ የለም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ የቁንጫን በር ከፈተችና ገብታ ተቀመጠች። አባታችን ከሞተ ወዲህ መኪና ውስጥ ስትቀመጥ ማንም አይቷት አያውቅም።

"ውረጂ" አላት ወንድሜ።

"ተነሥና ንዳ" አለችው። "ወደ አባትህ ውሰደኝ።"

"እዚያው እኮ ነበርሽ።"

"በእግሬ ነበርሁ።"

መጋዙን ጣለ። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ስላላት እኔ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ ኩርምት ብዬ ተቀመጥሁ፤ ዲፈረንሻሉ ከሥሬ ነው። የፈረንሳይን ዳገት ስንጀምር እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከመጠምዘዣው በታች ስንደርስ፣ ያ ቦታ ላይ፣ ወንድሜ ማርሽ ቀነሰ። ከሥሬ ብረቱ ሲያቃስት በአጥንቴ ተሰማኝ። ጎማዎቹ ጠጠር ረጩ፤ መኪናዋ ለአፍታ ባለችበት ቆመች። የወንድሜ ማጅራት ላይ ላቡ ሲወርድ አያለሁ። ብረቱ ያዘ። ጉቶውን አለፍን፣ መጠምዘዣውን አለፍን፣ ሜዳው ላይ ወጣን።

ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እማዬ ዓይኗን ገለጠች። ደግፉኝ ሳትል ወርዳ ወደ መቃብሩ ሄደች። አጥር በሌለው አፈር ላይ፣ በአራቱ ጉድጓዶች መካከል ቆመች። ተከትለናት ስንደርስ ነጠላዋን አስተካክላ አባታችንን ከበር ላይ እንደምትቀበለው ሁሉ በተለመደ ድምፅ ታነጋግረው ነበር።

"አመጣኸን" አለችው።