የእርጥቡ ጆንያ ባለቤት

ቀንቼ አላውቅም የሚል ሰው ካለ ይምጣና ፊቴ ይቁም። እኔ ስርጉት ቀንቻለሁ። ለዚያውም በሰው ውበት ወይም በሰው ባል አይደለም፤ እኔ የምሠራበትን ክፍል ስትጠርግ በነበረች ሴት ነው የቀናሁት። ስሟ ድንቅነሽ ነው። ዛሬ የሸሕዲ ሰው ሁሉ «ሥራ አስኪያጇ እንዲህ አሉ፣ እንዲያ አሉ» እያለ አንቱ ይላታል። እኔ ግን «አለች» ነው የምለው፤ ምን እንዳይመጣ ነው?

ነገሩ የተነሣው በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው። ያኔ ሸሕዲ ከተማ ነርስ ነበርኩ፤ የክትባት ክፍሉ ኃላፊም እኔው ነበርኩ። አንድ ጧት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ተቀምጦ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ «ቀትር ሶላር» ይላል። ወሬውን ቀድሜ ሰምቼው ነበር። አንድ የውጭ ድርጅት መብራት ለሌላቸው የቆላ ጤና ጣቢያዎች በፀሐይ የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ ሊያስተክል ነው፤ ለሥራው ሦስት ኩባንያዎች ይወዳደራሉ፤ ሁለቱ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ናቸው፣ አንዱ የኛው ነው ተብሏል። ቀትር ሶላር ሥራውን ካገኘ ትልቅ ኩባንያ ይሆናል፤ ካጣው እንደ እስካሁኑ ለገበሬ አምፖል ሲሸጥ ይኖራል።

መጽሔቱን ገለጥኩት። ሁለተኛው ገጽ «የአመራር አባላቱ የኋላ ታሪክ» ይላል። ሦስት ፎቶ አለ። የቴክኒክ ኃላፊው ማተቤ ነው፤ አብደራፊ የትራክተር ባትሪ ሲያድስ የሸበተ ሰውዬ፣ ክራቫት አስረውለት አንገቱ ጠፍቷል። የሽያጭ ኃላፊዋ ሐሚዳ ናት፤ ከሱዳኗ የድንበር ከተማ ከገላባት ሻይ ቅጠልና ሽቶ ስታመላልስ ስለኖረች መተማ ዮሐንስ ላይ እሷን የማያውቅ ፈታሽ የለም። ከሁለቱ በላይ፣ የሁለቱን እጥፍ በሚያህል ፎቶ፣ ድንቅነሽ አለች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ኮት ለብሳ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ። እነዚያ እጆች የኔን ክፍል ባልዲ ስንት ጊዜ ተሸክመዋል።

ከፎቶዋ ሥር ያለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ወይዘሮ ድንቅነሽ በጤና ተቋም ውስጥ በሠሩባቸው ዓመታት ስለ ፀሐይ ኃይል አጠቃቀም በተግባር ተምረዋል» ይላል። በጤና ተቋም ውስጥ! መጥረጊያ የሚባል ነገር አልተነሣም። ፊደል ያስቆጠራት ማን ነው? በክትባት ካርድ ላይ የሕፃናቱን ስም እያስነበብኩ እኔ አይደለሁም እንዴ? ፍሪጁ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ምን ማለት እንደሆነ ያሳየኋትስ? የኔ ስም ግን በጥግ እንኳን የለም። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

አሁን በ2001 የሆነውን መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም።

ያኔ እኔና እሷ ከሸሕዲ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበርን። እኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ነርስ፣ እሷ የጽዳት ሠራተኛ። መብራት የለም። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣና ሶላሩን ግቢው መሃል በአጭር የብረት ቋሚ ላይ ተከለ፣ ፍሪጁን ገጠመ፣ ሙቀቱን እያማረረ በዚያው ቀን ተመለሰ። ሶላሩን የመጠበቅ ኃላፊነት ለኔ ተሰጠኝ።

የቆላን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። በመጋቢት ቀትር ላይ ብረት አይነካም፤ ዶሮ እንኳን ከጥላ አይወጣም። እኛ ዘንድ ዕቃውን የሚንከባከብ ሰው ማለት ዕቃውን ከፀሐይ የሚያሸሽ ሰው ነው። የውኃ ጀሪካናችንን እንኳን የምናቀዘቅዘው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ነው። ታዲያ ያን የሚያህል ውድ ዕቃ ዓይኔ እያየ ይቃጠል? በየቀኑ ከረፋድ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሰሊጥ ጆንያ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ሶላሩን አለብሰው ጀመር። ደግሞ ኮርቼበት ነበር። የተማርኩት እኔ፣ ቀለቡ ፀሐይ የሆነን ዕቃ ከፀሐይ ደበቅኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ፍሪጁ ሞቀ። የክትባቱ ብልቃጥ ላይ ያለችው ምልክት ጠቁራ አገኘኋት፤ ተበላሽቷል ማለት ነው። እግዜር ይመስገን ለማንም ልጅ አልተወጋም፤ ግን የሦስት ቀበሌ ሕፃናት ክትባት እንዳለ ተደፋ። ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡና ግቢ ውስጥ አሰለፉን። ሶላሩን የሸፈነው ማን ነው ሲሉ አጎንብሼ የጋዎኔን ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ። ድንቅነሽ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እኔ ነኝ አለች፤ ስጠርግ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ሸፍኜ ረሳሁት አለቻቸው። በሳምንቱ ተባረረች። ዕቃዋን ስትሸክፍ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኳት። ቀና እንኳን አላለችም።

«ሲስተር፣ አንቺ ብትባረሪ ማን ይወጋል? መጥረግ ማንም ይጠርጋል» አለችኝ።

እንደዚህ ብላ ሄደች። ገላባት ላይ ሷሊህ ከሚባል ሱዳናዊ ነጋዴ አንድ አሮጌ ሶላር ገዛችና የሳሉጎቹ ካምፕ አጠገብ የሞባይል ቻርጅ ጀመረች፤ ሳሉግ የምንለው ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። አንዱ ሶላር ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሱቅ ሆነ፣ ሱቁ ኩባንያ ሆነ። እኔ ወደ ሸሕዲ ብዛወርም በዚያው በነጭ ጋዎኔ ቀረሁ። ባለውለታዬ መሆኗን አልረሳሁም። መጽሔቱን ያየሁ ቀን ግን ውለታዋ ራሱ ያንገበግበኝ ጀመር።

ስለዚህ ጥቆማ ጻፍኩ። ስሜን አላሰፈርኩም፤ የእጅ ጽሑፌም እንዳይታወቅ ኮምፒውተር ቤት አስጻፍኩት። የቀትር ሶላር ሥራ አስኪያጅ ክትባት አበላሽታ ከሥራ የተባረረች መሆኗን፣ ሶላሩን በየቀኑ በቀትር በእርጥብ ጆንያ ትሸፍን እንደነበር፣ እንዲህ ያለች ሴት ደግሞ ፍሪጅ መትከል ቀርቶ ፍሪጅ አጠገብ መድረስ እንደማይገባት ዘረዘርኩ። መባረሯ በወረዳው ፋይል ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ውሸት አልጻፍኩም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ፖስታውን ሥራው ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት መራጮች ያረፉበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር።

ውድድሩ የተካሄደው በከተማው አዳራሽ ውስጥ ነው። የጤና ባለሙያዎች ሁላችንም ተጠርተን ነበር። መራጮቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው አቶ አንዷለም የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። የሌሎቹ ኩባንያዎች መሪዎች የተማሩበትን አገርና ያገኙትን ዲግሪ ተናግረው ወረዱ። የኛዎቹ ተራ ደረሰ። ሐሚዳ ድንበሩ ላይ ማን ምን አምፖል እንደሚፈልግ ከሃያ ዓመት ንግድ እንዳወቀች አስረዳች። ማተቤ ክራቫቱን እየጎተተ ባትሪ ሊታመም ሲል ከሽታው እንደሚለይ ተናግሮ ሰውን አሳቀ። በመጨረሻ ድንቅነሽ ስትነሣ አቶ አንዷለም አንድ ወረቀት አወጡ። ያን ወረቀት ከሩቅ አወቅኩት።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «በእርጥብ ጆንያ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድንቅነሽ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ አየችኝ ብቻ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ለምን እኔን እንደፈለገች ያን ጊዜ አልገባኝም። አቶ አንዷለም ይህ እውነት እንደሆነ ጠየቋት።

«እውነት ነው» አለች። «እኔ ነኝ የሸፈንኩት።»

አለቀላት አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ቀጠለች። የቆላ ሰው ውድ ዕቃውን ከፀሐይ እንደሚያሸሽ፣ በገባችበት መንደር ሁሉ ሶላር ጆንያ ወይም ነጠላ ለብሶ እንደምታገኘው፣ ዛፍ ሥር የሚያስቀምጠውም እንዳለ ነገረቻቸው። ከሩቅ የሚመጣ ገጣሚ ይህን ስለማያውቅ የተከለው ሁሉ በወራት ይሞታል አለች። የሷ ኩባንያ ግን አንድ ሶላር ከመትከሉ በፊት የመንደሩን ሰው ይሰበስባል፤ ሶላሩን በጆንያ ሸፍኖ መብራቱ ሲደክም፣ ገልጦ ደግሞ ሲበረታ በዓይናቸው ያሳያቸዋል። ይህን ያስተማራት ያ ስህተት ነው፤ የኩባንያውን ስም ቀትር ያለችውም ለዚሁ ነው። አቶ አንዷለም መነጽራቸውን አውልቀው ነበር የሚሰሟት። ከጎናቸው ያለችው ሴት ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች። ከኋላ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላውም ተከተለው።

አይ እኔ! እንዴት ብዬ ልናገረው? ኮቱን ወሰደች፣ ፎቶውን ወሰደች፣ አንቱታውን ወሰደች፣ ይሁን። አሁን ደግሞ ስህተቴን! ጆንያውን የነከርኩት እኔ፣ ውኃውን ከጉድጓድ የቀዳሁት እኔ፣ አንድ ቀን ይታወቅብኛል እያልኩ ሰባት ዓመት የተሳቀቅኩት እኔ፤ ጭብጨባው የእሷ። ቅናት አንገቴን ይዞ አስነሣኝ።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «ጆንያው የኔ ነው። የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ እሷ በኔ ፈንታ ነው የተባረረችው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ድንቅነሽ ተቀመጭ እያለች በእጇ ጠቀሰችኝ፤ አልተቀመጥኩም። አቶ አንዷለም የሰው ጥፋት ለምን እንደተሸከመች ጠየቋት። እሷም ያንኑ የድሮውን መለሰችላቸው፤ መጥረግ ማንም ይጠርግ ነበር፣ መርፌ የምትወጋ ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች አለች። ሰውየው ወረቀቴን ለሁለት አጥፈው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጥላት ተነሥቼ ሰማይ ላይ ሰቀልኳት። በሳምንቱ ሥራው ለቀትር ሶላር መሰጠቱ ተነገረ።

ጉዱ ደግሞ ከተማው እኔንም አመሰገነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እናቶች ትከሻዬን እየሳሙ እውነተኛ ልጅ፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ ልጅ ይሉኛል። ወረዳው በበኩሉ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፣ ከኃላፊነቴ አነሣኝ፣ ወደዚያው ወደ ድሮው የገጠር ጤና ጣቢያም መለሰኝ። ማስጠንቀቂያውን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ምስጋናውን ነው፤ ትከሻዬን በሳሙኝ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

በኅዳር፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የቀትር ሶላር መኪና ግቢያችን ገባች። ድንቅነሽ ራሷ ወረደች፤ ኮት አልለበሰችም፣ የሥራ ቱታ ነው። ሰዉን ሰበሰበች፣ በጆንያ ሸፍና ገልጣ አሳየች፣ አስረዳች። ስትጨርስ ሠራተኞቿን አዲሱን ሶላር ከመኪናው እንዲያወርዱ ልካ መሰላሉን ጣራው ላይ አስደገፈች። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን እንደምታውቅ ነገረችኝ። በወረዳው ፋይል ውስጥ «ሸፍና» ብቻ ነው የሚለው፤ ጆንያው እርጥብ እንደነበር ከኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አልካድኩም። ምን ብዬ እክዳለሁ?

«ታዲያ ለምን ተነሣሽ?» አለችኝ። «ምስጢርሽን ይዤልሽ ነበርኮ።»

ትከሻዬን ለሚስሙኝ እናቶች ያልተናዘዝኩትን ለእሷ ተናዘዝኩ።

«ቀንቼ ነው» አልኳት። «ሲያጨበጭቡልሽ ቀንቼ ነው።»

ትስቅብኛለች ወይም ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ጋዎኔን ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ድረስ ቀስ ብላ አየችው።

«ያኔ ጋዎንሽን የማጥበው እኔ ነበርኩ» አለች። «ደርቆ ከገመዱ ሳወርደው መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምለብሰው። ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቼ ጓሮውን ሁለት ጊዜ እዞርበታለሁ። ከዚያ አጥፌ እሰጥሻለሁ።»

ሠራተኞቿ ሶላሩን ይዘው ሲመጡ እግሯን መሰላሉ ላይ አደረገችና ያዥልኝ፣ ሲስተር አለችኝ። ያዝኩላት። ስትወጣ ጫማዋ በዓይኔ ትክክል መጣ፤ አዲስ ነው፣ ያማረ ቆዳ ነው። መሰላሉን ትንሽ ወዝውዢው ወዝውዢው እያለኝ፣ በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩላት።