የትርሲት ክትትል በስልክ

ኮሮና ሲመጣ የእርግዝና ክትትላችን ወደ ስልክ ዞረ። እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ሥራዬ በእጅና በጆሮ ነው። ቢቸና ቁጭ ብዬ «እግርሽ አብጧል? ራስሽን ያምሻል?» እያልኩ መዋል ያናድደኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ትርሲት ክትትሏ እኔ ዘንድ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን እንደ ደንቡ እናቷ ቤት ልትወልድ ከባሏ ጋር ሞጣ ሄደች፤ መኪና ቆመና እዚያው ቀሩ። ቀኗ ሲቃረብ፣ አንድ ረፋድ ላይ ባሏ አካለ ወልድ ደወለ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ መቺ ነው፤ ልጅ እግር፣ የረጋ ሰው። ያን ቀን ግን ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ሲስተር፣ ልጁ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም ትላለች።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ያስደውልሃል? ሆስፒታሉ ደጃችሁ አይደለም እንዴ!»

«እንቢ አለች እኮ። ‹ልጄ ሞቶ ከሆነ ኮሮና መሀል ምን ልሠራ እገባለሁ?› ነው የምትል።»

ተቆጥቼ እንደማላስነሣት ገባኝ።

«እሷም እንድትሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው። ጆሮህን ከእምብርቷ ዝቅ አድርገህ ሆዷ ላይ ለጥፍ። የሰማኸውን ስልኩ ላይ በጣትህ ምታልኝ።»

ጣቱ ጀመረ፤ ዱም… ዱም… ዱም። የጽንስ ልብ እንዲህ ተዝናንቶ አይመታም።

«የእጇን ትርታ ያዝ። ከምትመታው ጋር ይገጥማል?»

«አብሮ ይሄዳል።»

«እንግዲያው የሰማኸው የራሷን ነው። ሌላ የለም?»

«አለ እንጂ፤ ከሥሩ የሚጣደፍ። ማሕሌት በዝግታ ነው የሚጀመር፤ ልማድ ሆኖብኝ ዝግ ያለውን ተከተልሁ።»

«አንተ ሰውዬ ልትገድለኝ ነው? የሚጣደፈውን ምታው!»

ጣቱ መሮጥ ጀመረ። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሣሁ። ስንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ያን ዕለት ግን ከሞጣ ድረስ፣ በሰው ጣት ሲመጣ፣ የፈጣሪ ሥራ አስፈራኝ። እንባዬ ማስኬን አራሰው።

«አለ! ልጅሽ አለ!» ብዬ ጮኽሁ። «ግን ለምን እንዳልተንቀሳቀሰ ይታይ። አሁኑኑ ሂዱ!»

«ነጠላዬን አቀብሉኝ» ስትል ሰማኋት። እሱ ግን ጆሮውን ከሆዷ አላነሣም። ጣቱ አሁንም ይመታል።

ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ገብታ በሰላም ተገላገለች።

ስንቱን ሆድ አዳምጬ «ልጃችሁ ደህና ነው» እያልኩ ለአባቶች ነግሬያለሁ። የዚህን ልጅ ደህንነት ግን ለእኔ የነገረኝ አባቱ ነው።